ከአያትሽ ሣጥን የወጡት ሳንቲሞች «ኤረር» ናቸው ወይ?

ከመሐል ሜዳ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ባጭሩ ላስቀምጠው። አያትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ ቋጥረው ያቆዩት ሳንቲም ተገኘ። አንድ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ ብር፣ አለ፣ ጆሮ የተበየደለት አንድ የምኒልክ ብር አለ፣ የጃንሆይ ዘመን 25 ሳንቲሞችና የደርግ ዘመን 50 ሳንቲሞችም አሉበት። ከ25ቱ አንዱ ድፍን ክብ ነው። ሌሎቹ ጠርዛቸው ጥርሳም ነው፤ የአንዱ ጥርስ ደግሞ ልጅ በመቀስ የቆረጠው ይመስላል። ከ50ዎቹ የሁለቱ አንበሶች አይመሳሰሉም። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ደላላ ፎቷቸውን በስልክ አይቶ «ኤረር ናቸው፣ ኤም ኤስ 65 ይሆናሉ፣ በሎሚና በአመድ ፈትጊያቸውና ገዢ አመጣልሻለሁ፣ ለምዝገባ ግን ትንሽ ብር ላኪ» አለሽ። «ኤረር» ማተሚያ ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የወጣ ሳንቲም ነው፣ «ኤም ኤስ 65» ደግሞ ገበያ ላልዋለ ሳንቲም የሚሰጥ የጥራት ደረጃ። እውነቱን ነው ወይ ነው የምትይኝ።

ጋሼ ብለሽ ከጠራሽኝ አይቀር ስሚኝ። ሎሚውንም አመዱንም አርቂ። ብሩንም እንዳትልኪ። ሊገዛ የመጣ ሰው ከሻጭ ላይ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ዕለት ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል። በላክሽው ፎቶ ላይ ማተሚያ ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የወጣ አንድም ሳንቲም አላየሁም። ይህ ማለት ግን የአያትሽ ቋጠሮ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ደላላው ዝም ብሎ ያለፈው ክቡ 25 ሳንቲም ነው የእኔን ዓይን የያዘው።

ከእሱ ልጀምር። በላዩ ላይ ፲፱፻፴፮ ይላል። ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለው ግን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ውጭ አገር እየተመታ ሲመጣ የተጻፈበት ዓመት አልተቀየረም፤ ያው 1936 እንዳለ ቀጠለ። ስለዚህ «1936 ይላል፣ አሮጌ ነው፣ ውድ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። የዚህ ዓመት 5 እና 10 ሳንቲም ከደብረ ሲና እስከ ዓለም ከተማ በየቤቱ ሙዳይ ውስጥ አለ።

25ቱ ግን የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ሲወጣ ድፍን ክብ ነበር፣ የመዳብ። በዚያን ጊዜ 50 ሳንቲሙ ደግሞ ከብር የተሠራ ነው። ሁለቱ በስፋት ይቀራረባሉ፣ በአንዱ በኩል ጃንሆይ፣ በሌላው አንበሳው፤ ከቀለማቸው በቀር ለዓይን የሚለያቸው ነገር ትንሽ ነው። ብልጦቹ ምን አደረጉ? ክቡን 25 ሳንቲም በብር ለብጠው በ50 ሳንቲም ሂሳብ ገበያ ላይ አሳለፉት። ሲበዛ መንግሥት በ1944 ዓ.ም. ገደማ ክቡን ሰበሰበና በምትኩ ጠርዙ ጥርሳም የሆነውን አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሰው በዓይኑ ባይለየው በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል። እንግዲህ ክቡ ስህተት አይደለም። ከገበያ የተሰበሰበ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ለዚህ ነው ከጥርሳሙ ይልቅ እምብዛም የማይገኘው። ጥርሱ የተንጋደደውም ስህተት አይደለም። ከጥርሳሞቹ መካከል ጠርዙ ሻካራ ሆኖ የተቆረጠ አለ፣ ጥርት ብሎ የወጣም አለ፣ ሰብሳቢዎች ሁለቱንም ያውቋቸዋል። ሁለቱንም ያዣቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደስ ይላሉ።

ክቡን ግን ሁለት ነገር ፈትሺልኝ። አንደኛ፣ ከጥርሳሙ ላይ ደርቢው። አንዳንድ ሰው ጥርሳሙን ሞርዶ ክብ ያደርገውና «ይኸው ክቡ» ይላል። የተሞረደ ከሆነ ከጥርሳሙ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ዙሪያውን የሚከበው ከፍ ያለ ከንፈርም ይበላል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የአንቺው ከንፈሩ ሙሉ ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ቢሆንም ፎቶ ፎቶ ነው። ሁለተኛ፣ ማጉያ መነጽር ተዋሺና በፊደሎቹ ሥርና በአንበሳው እግሮች መካከል ያለውን ጉድጓድ እይ። ነጣ ያለ ነገር እዚያ ተጣብቆ ከቀረ፣ ያ የዚያን ጊዜ ሸዋጆች የለበጡት ብር ሊሆን ይችላል። እንዳትፍቂው! እኔ ብሆን እሱን ከንጹሑ አብልጬ ነው የምፈልገው፣ የተጭበረበረበት ታሪክ አብሮት አለና። ሌላው ሰብሳቢ ላይስማማ ይችላል።

ወደ 50ዎቹ እንምጣ። የ1969ኙ 50 ሳንቲም አንበሳ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ራሱ ተለቅ ያለ ነው፣ ሌላው አነስ ያለ፤ ከአነስተኞቹም ውስጥ አገጩ ሥር ያለው ጢም እኩል የሆነና ሁለት ክር ረዘም ብሎ የወጣለት አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳንቲሙ በተለያዩ የውጭ ማተሚያ ቤቶች ነው የተመታው፣ እያንዳንዱም የራሱን ማኅተም፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያወጣውን መምቻ ብረት፣ ቀርጿል። ይህን ዝርያ ወይም ዓይነት እንለዋለን፤ በኤረር ስም መሸጥ ግን ሽወዳ ነው። በነገራችን ላይ የ5፣ የ10 እና የ25ቱም አንበሳ እንዲሁ ይለያያል። ልጆች ካሉሽ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ሳንቲም ስጪያቸውና በየዓይነቱ ይለዩ፣ ዝናብ ያለበት ቅዳሜ ጥሩ ያልፋል።

ታዲያ እውነተኛው ኤረር ምን ዓይነት ነው? አንድ ጥያቄ ይበቃል። ይህ ጉዳት የደረሰው ሳንቲሙ ከማተሚያው ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ከወጣ በኋላ የደረሰ ሁሉ፣ በመዶሻ ይሁን በመኪና ጎማ፣ በእሳት ይሁን በልጅ ጥርስ፣ ጉዳት እንጂ ኤረር አይባልም። እኔ ዘንድ «ኤረር» ተብሎ ከሚመጣው አብዛኛው ይኸኛው ነው።

ለመለየት አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከብረት ሉህ ላይ ባዶ ክብ ይቆረጣል። ያ ክብ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባና በአንድ ምት ሁለቱም ገጽ ይወጣል፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀለበት ይይዘዋል። ስህተት የሚመጣው ከሦስቱ በአንዱ ነው፤ ከባዶው ክብ፣ ከማኅተሙ ወይም ከምቱ።

ባዶው ክብ ሲቆረጥ ሉህ በደንብ ካልተገፋ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠ ቀዳዳ ላይ ያርፍና ጠርዙ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ያለበት ሳንቲም ይወጣል። ይህን ግን በመቀስም በሞረድም መሥራት ይቻላል። መለያው ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝ ነው። በእውነተኛው ላይ ከንፈሩ በዚያ በኩል ደከም፣ ሳሳ ይላል፤ ከንፈሩ በሚወጣበት ጊዜ ከጎደለው በኩል የሚገፋው ብረት ስላልነበረ። ደግሞም ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ፈሰስ ብለው ይሳባሉ እንጂ ድንገት አይቆረጡም። ትይዩው ከንፈር ሙሉ፣ ፊደሎቹ በምላጭ እንደተበጠሱ ከሆኑ የሠራው ሰው እቤቱ ሞረድ አለው።

ማኅተሙ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ብረት ይገባል። ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የሚታየው መስመር ከፍ ያለ ነው። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው። ሌላ ነገር ባትይዢ ይህቺን ያዥ፦ ብርሃን በአንድ በኩል ብቻ አድርጊና ሳንቲሙን አዘንብዪው፣ መስመሩ ጉብታ ከሆነ አስቢበት፣ ቦይ ከሆነ እርሺው።

ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ መታየቱም ብዙ ሰው ያሳስታል። ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ተደርቦ ከሆነ ሁለቱም ፊደል ክብና ሙሉ ነው፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ሹካ የተከፈለ ምልክት ይታያል፣ በዚያ ማኅተም የተመታ ሳንቲም ሁሉም ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ዋጋ አለው። ማኅተሙ በምቱ ሰዓት ተንሸራትቶ ከሆነ ግን ሁለተኛው ጥላ ጠፍጣፋ ነው፣ ደረጃ የተሠራለት ይመስላል፣ የፊደሉን ውፍረትም ይቀንሳል። ይህ በየአገሩ ሳንቲም ላይ የሞላ ነው፣ ገንዘብ አያወጣም።

ከምት ስህተት ለጀማሪ በጣም ግልጹ ከመሐል የሳተ ምት ነው። ሥዕሉ ወደ አንድ በኩል ሸሽቶ በሌላው በኩል ባዶ ብረት ይቀራል። ዓመቱ ሳይቆረጥ ከቀረ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። ሌላው ዘውዱ (ፊቱ) ቀጥ ብሎ ሳለ ጎፈሩ (ጀርባው) የሚጋደምበት ነው፤ አንዱ ማኅተም ዞሮ ማለት ነው። ይህን ግን ከዚያው ዓመት ሌሎች ሳንቲሞች ጋር ሳታስተያዪ አትወስኚ፣ ጀርባቸው ሆን ተብሎ ተዘቅዝቆ የሚመታ ሳንቲሞች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው።

ለሞባይል ፎቶ የሚመቸው ትልቁ ማታለያ ደግሞ የተገለበጠ ምስል ነው። ማተሚያው ላይ ሳንቲም ተጣብቆ ሲቀር ቀጣዩን በራሱ ፊት ይመታዋል፣ ያኛው ላይ ምስሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በመስተዋት እንደታየ ተገልብጦ ይወጣል። ብርቅ ነው። ነገር ግን ሁለት ሳንቲም በሞርሳ መካከል ብትጨምቂም የሚመስለው ነገር ይወጣል። በተጨመቀው ላይ የራሱ የሳንቲሙ ሥዕል ከሥር ተደፍጥጦ ይታያል፣ ሌላኛው ገጹም ተጨፍልቆ ይጠፍጠፋል። በእውነተኛው ላይ የገባው ምስል ብቻውን ነው፣ ሌላኛው ገጽም ጥርት ያለ ነው። ሁለት ጎፈር ያለው ሳንቲም አለኝ የሚሉም አሉ። ከከንፈሩ ውስጠኛ ጥግ ዙሪያውን ጥፍርሽን አስኪጂ፤ መጋጠሚያው ይይዝሻል።

የአሁኖቹ ሳንቲሞች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የ1969 5 እና 10 ሳንቲም ናስ ነበር፣ 25 እና 50ው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ፣ 1 ሳንቲሙ አሉሚኒየም። ማግኔት አይስባቸውም። በኋላ የመጡት ግን ብረት ላይ የተለበጡ ናቸው፣ ማግኔት ላይ ይለጠፋሉ። ልባጩ አረፋ ሲያወጣ ወይም ጠርዙ ላይ ተልጦ ዝገት ሲታይ ሰው ኤረር ይለዋል። አብዛኛው እርጥበት ነው።

ኤም ኤስ 65 የተባለው ነገር ደግሞ ትንሽ አሳቀኝ። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው። ያወጣው ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1949 እ.ኤ.አ.፣ ለአገሩ ጥንታዊ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች። ቁጥሩ መጀመሪያ የዋጋ ነበር፤ 70 የተባለው 1 ከተባለው 70 እጥፍ ያወጣል ብሎ ነው። የዋጋው ስሌት ቶሎ ፈረሰ፣ ቁጥሩ ግን ቀረ። በ1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሰብሳቢዎች ማኅበር ለሌሎች ሳንቲሞች አዋለው፣ ከዚያ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ የአሜሪካ መርማሪ ድርጅቶች፣ አንደኛው በ1986፣ ሁለተኛው በ1987 እ.ኤ.አ.፣ ሳንቲም እየመረመሩ በፕላስቲክ ማሸግ ጀመሩ። ከ60 በታች ያለው ሁሉ እጅ የነካው፣ ገበያ የዋለ ነው። ከ60 እስከ 70 ያለው ኤም ኤስ ይባላል፤ ከማተሚያ ወጥቶ ገበያ ያልዋለ። አያትሽ እንቁላልና ቅቤ ሸጠው የተቀበሉት 25 ሳንቲም ኤም ኤስ የሚሆንበት መንገድ የለም።

ራስሽ ልትፈርጂ ከፈለግሽ መጀመሪያ ከፍ ያለውን ቦታ እይ፤ ማለቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በጃንሆይ ሳንቲም ላይ ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ ጉንጭና ጢም፤ በ1969ኙ ላይ የአንበሳው ቅንድብ፣ አፍንጫና ጎፈር። ቀጥሎ አምፖል ሥር አድርገሽ ሳንቲሙን ቀስ እያልሽ አዙሪው። ያልተነካ ሳንቲም ላይ ብርሃኑ ከመሐል ወደ ዳር እየዞረ ይሄዳል፤ የተነካው ላይ ከፍታው ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። በአንቺ ክብ 25 ላይ ፀጉሩ በከፊል ተዋህዷል፣ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል፣ ከንፈሩ ሙሉ ነው። በፎቶ መፍረድ ካለብኝ ከ20ዎቹ እስከ 30 ባለው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ለመዳብ ሳንቲም መጥፎ አይደለም።

ማጠቡን ለምን እንደከለከልኩሽ አሁን ይገባሻል። መዳብ በዘመናት ቡናማ ቆዳ ያወጣል፣ ብርም ይጠቁራል። ሎሚው አሲድ ነው፣ ያንን ቆዳ በልቶ ወደ ቀይ የሚያደላ እርቃን ብረት ያወጣል። አመዱ ደግሞ ይፍቃል፤ በማጉያ ሲታይ ገጹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በጥቃቅን ጭረት ተሞልቷል። ሰብሳቢ ከሩቅ ያውቀዋል፣ መርማሪዎቹም ቁጥር አይሰጡትም፣ «ታጥቧል» ብለው ብቻ ይመልሱታል። አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ሳትፈትጊ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጪና ይድረቅ። ሙጫ ወይም የፕላስተር ቅሪት ካለ ንጹሕ አሴቶን፣ ሽቶ የገባበትን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፣ እሱንም መስኮት ከፍተሽ፣ ከእሳት አርቀሽ። ሳንቲም ሁልጊዜ በጠርዙ ነው የሚያዘው። በሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት አታስቀምጪ፣ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ያጣብቅበታል። በመንዝ ክረምት ጭጋጉ ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረሽ ጣዪበት።

ማርትሬዛዋ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው፣ በቬየናም በሮምም በለንደንም በሌላም ቦታ በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲመታ ዓመቱ አልተነካም። «ከ1780 ጀምሮ ያለች» የሚል ዋጋ እንዳትጠይቂባት። አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን የዞረችው ብር ናት፣ ሰውም በላይዋ ያለችውን ንግሥት የደረት ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚቀበላት። አሁን ወርቅ ቤት ሄደሽ በሚዛናቸው አስመዝኚያት። 28 ግራም ከትንሽ ነገር መሆን አለበት፤ በሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ ማለትም 23 ግራም ከግማሽ ያልሞላ ንጹሕ ብር። ጠርዟን አዙረሽ እይ። የላቲን ፊደል ከፍ ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል። ፊደሉ ከሌለ፣ ወይም በጠርዙ መሐል የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ ወይም ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ከሆነ በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ ነው።

የምኒልኩ ብር ላይ ግን ተስፋ አለኝ። ጆሮ ስለተበየደለት የቁጥር ደረጃ አያገኝም፣ ይህ የታወቀ ነው። ጆሮውን ግን አታስነቅዪ፤ አንጥረኛ እሳት ካስነካው ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፣ ደግሞም አንገት ላይ የዋለበት ታሪክ ነው። ደላላው «አንበሳው የተሳሳተ እግሩን አንሥቷል» ያለሽም ስህተት አይደለም። በፓሪስ የተመቱት የመጀመሪያዎቹ ላይ፣ የ1887 እና የ1889ኙ ላይ፣ አንበሳው የግራ የፊት እግሩን ነው ያነሣው። በ1892 እና በ1895ቱ ላይ የቀኙን። ሁለቱም የአንጎለላው ልጅ የምኒልክ ትክክለኛ ብር ናቸው። ልዩነቱ ያለው ዓመቱ ላይ ነው፤ የ1887ቱ ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ስለተመታ ጆሮ እንኳ ቢኖረው ፈላጊው ብዙ ነው። የአንቺ ፎቶ ላይ ዓመቱ በጥላ ተሸፍኗል።

እነዚህ ከቤተሰብ የወረስሻቸው ናቸው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የአክሱም ሳንቲም ነው ብሎ የሚያቀርብልሽ ሰው ከመጣ ግን አትግዢ፣ ደላላም አትሁኚለት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። «አሜሪካ ልኬ አስመርምሬ አመጣልሻለሁ» የሚልሽም ካለ በዚሁ መልሺለት።

አሁን የምፈልገው ሦስት ፎቶ ነው። የምኒልኩ ብር ዓመት ከቅርብ፣ የግዕዝ ቁጥሩ ፲፰፻፹፯ ይሁን ሌላ እንዲነበብ፤ ክቡ 25 ከጥርሳሙ ላይ ተደርቦ ከላይ፤ የማርትሬዛዋ ጠርዝ። በፍላሽ አታንሺ፣ ጠዋት ደጃፍ ላይ፣ ፀሐዩ በአንድ በኩል ሆኖ። ደላላው መልሶ ቢደውል ክቡን 25 በስንት እንደሚገዛው ጠይቂውና የሚልሽን ንገሪኝ፣ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።